ፈተናውን ማን ያርመዋል?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለሚደርስ ፆታዊ ትንኮሳ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚስማማበት አንድ ነገር አለ። ሴት ተማሪዎች የሚደርስባቸውን ደፍረው አይናገሩም፤ መብታቸውን አያውቁም፤ ያደጉበት ባህል አፋቸውን ይዞታል፤ ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል። የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ኃላፊዋ ይህን ትላለች፣ የተማሪዎች ዲኑም ይላል፣ ከረጂ ድርጅት የመጣው የፕሮጀክት አስተባባሪም፣ ሬዲዮ ላይ የሚጋበዘው የሥነ ልቦና ባለሙያም እንዲሁ። አባባሉ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው፣ እንደሚመስለኝ፣ ማንንም ስለማያስቀይም ነው። አስተማሪውን አይነካም፣ የትምህርት ክፍሉን አይነካም፣ ሴኔቱን ለስብሰባ አያስጠራም። የችግሩን ሥር ከተበደለችው ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል።

እኔ እንደዚያ አይደለም ባይ ነኝ። ልጆቹ ያውቃሉ። ትንኮሳ ምን እንደሆነ ከአሠልጣኞቻቸው በተሻለ ያውቃሉ። የትኛው መምህር ቢሮ ብቻን እንደማይገባ፣ የማን አሳይንመንት በጓደኛ እጅ እንደሚላክ፣ ማን ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ «ስልኬ ተሰርቋል» እንደሚባል ገና ፍሬሽ ሳሉ ከሲኒየሮቻቸው ተምረውታል። ይህ ዕውቀት ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከባች ወደ ባች ይተላለፋል፤ ማንም በጀት አልያዘለትም፣ ማንም አበል አልከፈለበትም፣ ግን ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ልጆቹን ጠብቋል። ካወቁ ለምን ዝም ይላሉ? አስልተው ስለጨረሱ ነዋ።

ስሌቱን እኛም እንሥራው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪን እንውሰድ። ዩኒቨርሲቲውን የመደበላት ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ከቤተሰቧ ሁለት ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፤ ዝውውር እንደ ልብ አይገኝም። የምትበላው ግቢው ካፌ፣ የምታድረው ግቢው ዶርም ነው፤ ለዚህም የወጪ መጋራት ውል ፈርማለች። ዲስሚስ ብትሆን ምግቧንም አልጋዋንም ትምህርቷንም በአንድ ቀን ታጣለች። በዚህ ሴሚስተር የሜጀር ኮርሷን የሚሰጠው አንድ መምህር ብቻ ነው። ኩዊዙን የሚያወጣው እሱ፣ አሳይንመንቱን የሚያርመው እሱ፣ ሚዱ የእሱ፣ ፋይናሉ የእሱ፣ «የክፍል ተሳትፎ» እየተባለ የሚሰጠውን አምስትና ዐሥር ማርክ የሚቆርጠውም እሱ። ኮርሱ ለቀጣዩ ዓመት ኮርስ መግቢያ ከሆነና ኤፍ ከተለጠፈባት፣ ተመልሶ የሚሰጠው የዛሬ ዓመት ስለሆነ ከባቾቿ ተነጥላ ትቀራለች። ግሬዱ ላይ ቅሬታ አለኝ ብትል፣ በብዙ ግቢ አሠራር ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለራሱ ለመምህሩ ነው። ቀጥሎ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሄዳል፤ ኃላፊው ደግሞ ከመምህሩ ጋር በአንድ ላውንጅ ማኪያቶ የሚጠጣ፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩን ለእሱ የሚያስረክብ ባልደረባው ነው።

በሌላው ሚዛን ላይ ያለውስ? አመልክታ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ነገሩ ሁሉ ለእሷ ቢሳካ፣ የምታገኘው ለመምህሩ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው በእሱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ የእሷ ስም ግን ግቢውን ይዞራል። የመመረቂያ ጽሑፏን የሚያማክራት ሰው ስትፈልግ «ያቺ የከሰሰችው ልጅ» ተብላ ነው የምትታወቀው። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሠርታ አፏን የዘጋችን ልጅ ግንዛቤ ይጎድላታል የሚል ሰው፣ ሒሳቡን ራሱ አልሠራውም።

አሁን ቢሮው ውስጥ እንግባ። በየግቢው፣ ዳይሬክቶሬትም ይባል ጽሕፈት ቤት፣ የሥርዓተ ፆታ ሥራ የሚሠራ ክፍል አለ። የሚሠሩትን በጎ ነገር መካድ ነውር ነው። ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ፤ ሞዴስ መግዣ ያጡትን ይረዳሉ፤ ቤተሰቧ የመሳፈሪያ መላክ ያቃተውን ልጅ ፈልገው ያገኛሉ፤ በኅዳር የነጭ ሪቫን ቀንን፣ በየካቲት ማርች 8ን ያከብራሉ። ብዙዎቹ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ትንኮሳ ደረሰብኝ የምትል ተማሪ ስትመጣም በሩን ዘግተው ያዳምጧታል፣ ያጽናኗታል፣ አብረዋት ያለቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን እጃቸው ላይ ምንም የለም። ደብዳቤ ለዲኑ ይጽፋሉ። ዲኑ ለትምህርት ክፍሉ ይመራዋል። ትምህርት ክፍሉ «በውስጥ እንየው» ይላል። የፈተናውን ወረቀት ከመምህሩ እጅ የማውጣት ሥልጣን ቢሮው የለውም። ተማሪዋን ያለ መምህሩ ፈቃድ ወደ ሌላ አማካሪ የማዛወር ሥልጣን የለውም። መምህሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ የእሷን ግሬድ እንዳያስገባ ለሬጅስትራር የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ሊሰጣት የሚችለው ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ እሷም አላጣችም።

ሥልጠናውን ያየ ያውቀዋል። አዳራሹ ፊት ለፊት የተቋሙ ሎጎና የረጂው ሎጎ ጎን ለጎን የታተመበት ባነር ይሰቀላል። ልጆቹ በር ላይ ፈርመው ደብተርና እስክሪብቶ ይቀበላሉ። ርዕሱ ብዙ ጊዜ «አሰርቲቭነስ» ነው። አሠልጣኟ ፍሊፕ ቻርት ላይ ሦስት ዓይነት ሴቶችን ትጽፋለች፤ ዝምተኛዋን፣ ቁጡዋን፣ በራሷ የምትተማመነዋን። ከዚያ ድራማ ይሠራል። አንዱ ወንድ ተማሪ አስተማሪ ሆኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አንዷ ልጅ ፊቱ ትቆማለች፤ እሱ «ማታ ደውይልኝ» ይላል፤ እሷ «አይሆንም!» ትላለች፤ አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አሠልጣኟ ትቀጥላለች፦ «ሁላችሁም በሉ፤ አይሆንም!» ሁለት መቶ ልጆች በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» ይላሉ። ሻይና ዳቦ ይመጣል። ድራማው እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ሁለተኛው ክፍል ግን ገና አልተጀመረም፤ በሁለተኛው ክፍል ልጅቷ «አይሆንም» ብላ ከቢሮው ወጥታለች፣ ሰኞ ፋይናል አለባት፣ ወረቀቱን የሚያርመው ያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ያንን ክፍል የሚሠራ አሠልጣኝ አልገጠመኝም፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ከልጅቷ የሚጠበቅ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው።

ግንዛቤ የሚለው መድኃኒት ለምን ለዚህ በሽታ ብቻ እንደታዘዘ ደግሞ ጠይቁልኝ። መንግሥት የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ባስቸገረው ጊዜ ምን አደረገ? «ኩረጃ የግንዛቤ ችግር ነው» ብሎ ለተማሪዎች የሞራል ሥልጠና ሰጥቶ አልተቀመጠም። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹን ሰብስቦ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ አስገብቶ ፈተናቸው። በትውልድ ከተማው፣ በአጎቱ ትምህርት ቤት፣ በጎረቤቱ ፈታኝ ፊት መፈተን ቀረ። ውጤቱ ሲወጣ ግማሹን ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፤ አገር ጉድ አለ፤ ነገር ግን አሠራሩ አልተቀለበሰም። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ተማሪው አራት ዓመት ያስተማረው መምህር በማያወጣው፣ በማያርመው ፈተና ሃምሳ በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም ተባለ። የሁለቱም ውሳኔዎች ሐሳብ አንድ ነው፦ ፈተናው ማን እጅ ላይ እንዳለ ካልተለወጠ የሰው ጠባይ አይለወጥም። ይህን ያህል ከባድ ነገር ለኩረጃ ሲባል ማድረግ የቻለ አገር፣ ለትንኮሳ ሲሆን ፍሊፕ ቻርት ይዞ ይመጣል።

«ሕግ አለ እኮ» የሚሉ አሉ። አለ። እንዲያውም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በዚህ ነገር ላይ ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም ጥገኝነት ተጠቅሞ፣ በሥልጣኑ ወይም በሙያው ምክንያት በእሷ ላይ ያለውን የበላይነት መሣሪያ አድርጎ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ይቀጣል፤ ከሚዘረዝራቸው ሰዎች መካከል አስተማሪ በስም አለ። ግን አንቀጹን ዝቅ ብላችሁ አንብቡት። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። የሚያስቀጣው ግንኙነቱ ወይም ሌላ ለክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት ሲፈጸም እንጂ ጥያቄው በቀረበ ጊዜ አይደለም፤ «አይሆንም» ብላ የወጣችውና ኤፍ የተለጠፈባት ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ክሱ የሚነሣው በተበዳይዋ አቤቱታ ብቻ መሆኑ ነው፤ በአቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ደግሞ ተበዳዩ ድርጊቱን ካወቀ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረቡ ይዘጋሉ። አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ያህል ነው፤ ፈተናውና የግሬድ ማስገቢያው ሲጨመር ከዚያም ይረዝማል። እንግዲህ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የተበደለች ልጅ «ግሬዱ ይውጣና እከሰዋለሁ» ብላ ከጠበቀች፣ ግሬዱ ሲለጠፍ የመክሰሻ ጊዜዋ አልፏል። ጠንቃቃ የሆነችውን፣ የምታሰላውን፣ ልትጎዳ በማትችልበት ሰዓት ለመናገር የወሰነችውን ልጅ ሕጉ ራሱ በር ዘግቶባታል። ይህን አንድ ሥልጠና ላይ እንኳ ሲነገር አልሰማሁም፤ ግንዛቤ ከተባለ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ መሆን ነበረበት።

ከዚያው ግቢ በር ላይ ያለችውን የካፍቴሪያ አስተናጋጅ ከተማሪዋ ጋር አስተያዩልኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ምን እንደሆነ ተርጉሞ አስቀምጧል፤ አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪዋ ቢተነኩሳት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቷታል። አስተናጋጇ ሽርጧን ፈትታ መሄድ ትችላለች፤ በኑሮ ይከብዳታል እንጂ ሕጉ ከጎኗ ነው። ተማሪዋ ግን ወዴት ነው የምትሄደው? ኮርሱን አቋርጣ? ዶርሟን ለቅቃ? መሄጃ የሌለው ሰው መሄጃ ካለው ሰው የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

ስለ ሽምግልናው አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ጉዳዩ ትንሽ ጠንከር ሲል፣ የተከበሩ አንጋፋ መምህራን ይላካሉ። «ትዳር አለው»፣ «ልጆቹን አስቢ»፣ «አንቺም ነገ ሥራ ትፈልጊያለሽ»፣ «እህቴ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ልምከርሽ»። ሽምግልና በእኩዮች መካከል፣ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ሲኖር፣ ትልቅ ጥበብ ነው። ከሳሿ ሃያ ዓመት ሆኗት፣ ተከሳሹ ግሬዷን በላፕቶፑ ይዞ ሲቀመጥ ግን፣ የሽማግሌው ልመና ማስፈራሪያ ላይ የተጨመረ ትህትና ነው።

ከአህጉራችን አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ እዚህም አገር ብዙ ሰው በስልኩ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቢቢሲ ጋዜጠኞች በሌጎስ ዩኒቨርሲቲና በጋና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ መስለው፣ ድብቅ ካሜራ ይዘው ገቡ። ፊልሙን ያቀረበችው ኪኪ ሞርዲ ራሷ በትንኮሳ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠች ሴት ናት። በፊልሙ ከታዩት አንዱ፣ ቦኒፌስ ኢግቤኔጉ፣ የሌጎስ ዩኒቨርሲቲ መምህርም የቤተ ክርስቲያን ፓስተርም ነበር፤ ቢሮው የመጣችው ልጅ የ17 ዓመት አመልካች መስላ ነበር የቀረበችው። ስለ መምህራን ክበቡ አንድ ክፍልም ተወራ፤ መምህራኑ «ቀዝቃዛው ክፍል» እያሉ የሚጠሩት፣ ሴት ተማሪዎች የሚወሰዱበት። ፊልሙ በወጣ ማግስት ዩኒቨርሲቲው መምህሩን አገደ፣ ክፍሉንም አሸገ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከሥራ አሰናበተው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በዚያው በናይጄሪያ በኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለማለፊያ ማርክ ግንኙነት ሲጠይቅ በስልክ ድምፁ የተቀዳ ፕሮፌሰር ሁለት ዓመት ተፈርዶበታል።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «አየህ፣ ደፍረው ሲናገሩ ለውጥ ይመጣል» የሚል ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ክፍሉ ስም ወጥቶለት ነበር። ስም የወጣለት ነገር ምሥጢር አይደለም። ግቢው ሁሉ የሚያውቀው ክፍል እስኪታሸግ ድረስ፣ የውጭ አገር ቴሌቪዥን፣ ድብቅ ካሜራና ተማሪ መስሎ መግባት የሚችል ጋዜጠኛ ያስፈለገው ለምንድን ነው? ከተማሪዎቹ የሚፈለገው ማስረጃ ከጋዜጠኛ ሙያ በታች ስለማይሟላ ነው። እዚህ አገርም «ማስረጃ አለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን ሆነሽ ነው?» ይቀድማል። አንዲት ልጅ ለፈተና እያጠናች፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መቅጃ አብርታ፣ ወደሚያስፈራት ሰው ቢሮ ተመልሳ እንድትገባ የሚጠይቅ አሠራር የድጋፍ አገልግሎት ይባላል እንዴ?

ወደ ክርክሩ ልብ የሚያደርሰን ግን ሁልጊዜ ከመምህራን በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ነው። «ሰነፍ ተማሪ ኤፍ ስትፈራ መምህሯን ትከሳለች፤ ስማችን በሐሰት ይጠፋል።» ይህን ስጋት አላቃልለውም። ስም ማጥፋት አለ፤ ደርሶበት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ስጋቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሰነፏ ተማሪ በሐሰት ከሳ ምን ታተርፋለች? ዛሬ ባለው አሠራር መምህሩ ፈርቶ፣ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ ሲ ሊሰጣት ይችላል። ትርፉ እዚያ ጋ ነው። አቤቱታ በቀረበ ዕለት ወረቀቷ ወዲያውኑ ወደ ሌላ አራሚ የሚሄድ ቢሆንስ? ያልሠራችውን ወረቀት ሁለተኛው መምህርም ኤፍ ይለዋል። ያተረፈችው ነገር የለም፤ ክሱም ለግሬድ መደራደሪያ መሆኑ ይቀራል። የሠራች ልጅ ከሆነች ደግሞ የሠራችውን ታገኛለች። ንጹሑ መምህር ደግሞ «በቀል ነው የያዘባት» ከሚል ሐሜት ይድናል፤ ግሬዱን የሰጠው እሱ አይደለማ። ተማሪዋን የሚጠብቀው አሠራር መምህሩንም የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን እንደ ጠላት አቁሞ ማከራከር ጉልበት ማባከን ነው።

ወረቀቱ በሌላ ሰው እንዳይታረም የሚያደርግ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። «ያንን ኮርስ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው» ይባላል። በአገሪቱ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚያስተምሩት የተናበበ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ መሆን የቻለውም በዚያ ምክንያት ነው። ጅማ ያለው ወረቀት ስካን ተደርጎ ጎንደር ቢታረም ምን ይጎድለዋል? «የመምህሩ ነፃነት ይነካል» ይባላል። ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኝ (ኤክስተርናል) እንጠራለን፤ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ከፍለን፣ እንግዳ ማረፊያ አሳርፈን። ማንም ነፃነቴ ተነካ ብሎ ሲያመለክት አላየሁም። ለማስተርሱ ክብር ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል ካልን፣ ለሃያ ዓመቷ ልጅ ደህንነትም ያስፈልጋል። ከዚህም አልፎ የፋይናል መልስ ወረቀት ላይ ስም መጻፍ ቀርቶ ሬጅስትራሩ ብቻ የሚያውቀው ኮድ ቢሰጥስ? ይህ አቤቱታም አያስፈልገውም፣ ድፍረትም አያስፈልገውም። ስሟን የማያውቀውን ወረቀት ማስፈራሪያ ማድረግ አይቻልም። አሳይንመንቱና ተሳትፎው ይቀራል፣ አዎ፤ ግን የጦር መሣሪያው ትልቁ ክፍል ከእጁ ይወጣል።

በተማሪና በተማሪ መካከል ለሚደርሰው ትንኮሳ፣ ጥበቃውና ፕሮክተሩ ለሚያደርሱትም፣ ይህ መፍትሔ አይሠራም፤ እዚያ ግሬድ የለም። እዚያ የማየው ሌላ ልማድ ነው፤ ሁልጊዜ ቦታ የምትለቅቀው ተበዳይዋ መሆኗ። ሴክሽን የምትቀይረው እሷ፣ ዶርም የምትቀይረው እሷ፣ ላይብረሪ ማታ እንዳትሄድ የምትመከረው እሷ። ይህ ልማድ በፆታ አያበቃም። በ2012 ዓ.ም. በግቢዎች ውስጥ ተማሪ በብሔሩ ምክንያት ሲሳደድ፣ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ሌላም ቦታ እሳቱ ሲዛመት፣ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡት የተሳደዱት ነበሩ። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ተማሪውና ወላጁ የሰላም ውል ፈርመው እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ውሉን የፈረመው ተማሪው ነው። ዩኒቨርሲቲውስ ለተማሪው ምን ፈረመ? ዶርሙ በር ላይ ዱላ ይዘው ሲቆሙበት ለማን እንደሚደውል፣ ማን በስንት ደቂቃ እንደሚደርስለት የሚገልጽ ወረቀት የደረሰው ተማሪ ካለ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ለዩኒቨርሲቲዎቹ ሴኔት ሰጥቷቸዋል፤ ሴኔቱ ሌጅስሌሽን ያጸድቃል። አብዛኛው የጠቀስኩት ነገር ፓርላማ አይጠይቅም፣ ብድር አይጠይቅም፣ የሴኔት ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር ጥቂት መስመር ነው፦ አቤቱታ የቀረበበት መምህር፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ ሳይታይ፣ የዚያችን ተማሪ ወረቀት አያርምም፤ የሥርዓተ ፆታ ቢሮው ለሬጅስትራር በቀጥታ ይጽፋል፤ አማካሪ መቀየር የፈለገች ተማሪ ምክንያት አትጠየቅም፤ አጣሪው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። የ3 ወሩን ገደብ ማንሳት ግን የሴኔት ሥራ አይደለም፤ ያ የሕግ አውጪው ነው፤ እዚያም መጠየቅ አለበት።

የቢሮዎቹ ሠራተኞች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። የሚመዘኑት ግን በሠለጠነ ሰው ብዛት ነው፤ የዓመቱ ዕቅድ አፈጻጸም ላይ «ለዚህን ያህል ሴት ተማሪዎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» ብለው ካልጻፉ በጀታቸው ይቀነሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው የአፈጻጸም ግምገማ ላይ የተቀመጠ የቦርድ አባል፣ የፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ አባል፣ ወይም ልጁን ግቢ የላከ ወላጅ የሠለጠኑትን ብዛት ሲሰማ ዝም ብሎ አይለፈው። ዘንድሮ ስንት የፈተና ወረቀት ከተከሰሰ መምህር እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው ታረመ? አቤቱታው ከቀረበ በስንተኛው ቀን? ዜሮ ነው የሚባል ከሆነ፣ ትንኮሳ ስለሌለ ነው ወይስ ወረቀቱን የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው ስለሌለ? የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ይህን በጽሑፍ ይመልስ።